ጉበቴ ይናገር

መካኒሳ አቦ፣ ኅዳር 6 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለአጎቴ የልጅ ልጅ ለጸሐይወርቅ፣

«እሱ ባይናገርም ጉበቱ ይናገራል።»

ሐኪሙ ይህን ያለው ለነርሷ ነው። በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር ለእኔም ደረሰኝ። ሰው በየስብሰባው እጁን አውጥቶ ካልተፈቀደለት በማይናገርበት በዚህ ጊዜ፣ አንድ የሰውነቴ ክፍል ፈቃድ ማግኘቱ ቀላል ነገር ስላልመሰለኝ ከሰላምታው አስቀደምኩት።

ሰላምታው ግን አይቅርብሽ። የመካኒሳው አቦ ከላይፕዚግ ብርድ ይሸፍንሽ፤ የጀመርሽውን የሕክምና ትምህርት ከፊትሽ ያቅናልሽ። ገዲሴ ጉንጭሽን ስማልሻለች። ይህን ደብዳቤ ካንቺ ቀድመው ለሚያነቡት ወገኖችም ጤና ይስጥልኝ።

«እኔ ደህና ነኝ» ብሎ መቀጠል ልማድ ነው፤ ዘንድሮ እሱን እዘለዋለሁ። ከመስከረም ወዲህ ዓይኔ ቢጫ ሆኗል። ሽንቴ የሻይ ቀለም ይዟል፣ ከቀኝ ጎድኔ ሥር አንድ ነገር ይከብደኛል። የገዲሴ ዘመዶች ከለቡ መጥተው አዩኝና የወፍ በሽታ ነው አሉ፤ የሌሊት ወፍ በላዬ በርራብኝ ነው አሉ። ወፏን ያያት ሰው ማነው ብዬ ብጠይቅ አንድም የለም። ቅጠል ወቅጠው ሊያጠጡኝ ሲነሱ አሻፈረኝ ብዬ ሆስፒታል ሄድኩ።

ሐኪሙ ደሜን አስመረመረ። በጣቱ ጎኔን እየተጫነ የጉበቴን ጠርዝ ፈለገ፤ ከሚገባው በላይ ወደ ታች ወርዶ አገኘው። ከዚያ ሥራዬን ጠየቀኝ። መጠጥ ፋብሪካ ስለው ብዕሩን አስቀመጠ፤ ምርመራው ያለቀ መሰለው።

የእኔን ሥራ አንቺ ታውቂያለሽ። በጠርሙሱ ላይ የሚለጠፈውን ወረቀት ማረም ነው። ስሙ በትክክል መጻፉን፣ ቀኑ መመታቱን፣ ቀለሙ አለመፍሰሱን አያለሁ። ውስጥ ያለው የሌላ ክፍል ጉዳይ ነው። ገዲሴን ከማግባቴ በፊት ለአቦ ተስዬ መጠጥ የተውኩ ሰው ነኝ፤ ጠላ አይቀርበኝም፣ ሰርግ ቤት ጠጅ ሲዞር ብርሌዬን በእጄ እከድናለሁ። ይህን ሁሉ ለሐኪሙ አስረዳሁት። «ሁሉም እንደዚያ ይላል» አለኝና ለፋብሪካው በሚሄደው የሕመም ፈቃድ ላይ «ከመጠጥ የመጣ ሳይሆን አይቀርም» ብሎ ጻፈበት።

ወረቀቱ እጁ የገባው ጓድ ሙሉሰው ነው። ሙሉሰው በፋብሪካችን የሠራተኛውን ንቃት የሚከታተል፣ ራሱ ግን ከምሳ በኋላ የማይነቃ ሰው ነው። የሕዝብን ንብረት በሆዱ ሲያሾልክ ኖሯል ብሎ ከሰሰኝ። ከተረጋገጠብኝ ከሥራ እባረራለሁ፣ ጡረታዬም ይቀራል። ሁለት ዓመት ቢቀረኝ ነው።

ሐኪሙ ደግሞ እርግጡን ለማወቅ በጎኔ መርፌ አስገብቶ ከጉበቴ ቁራጭ ሊያወጣ ይፈልጋል። ገዲሴ «ጉበት ከሥጋ ቤት ነው የሚቆረጠው» ብላ ከልክላለች። እኔ ግን እሺ ብያለሁ። ጉበቴ ይናገር፤ የምፈራው ነገር የለም። አንቺ ብቻ መርፌው እንዴት ያለ እንደሆነ ጻፊልኝ። የሚመጣ ሰው ካገኘሽም አንድ የማጉያ መስተዋት ላኪልኝ፤ እዚያ አገር መስተዋት በደንብ ይሠራሉ ይባላል። የሕትመቱ ፊደል በየዓመቱ እያነሰብኝ ነው።

ዘመድሽ ከበበው እንግዳ


ላይፕዚግ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለተከበሩት ጋሼ ከበበው፣

እርስዎና እትዬ ገዲሴ እንደምን ሰነበታችሁ? በዚህ ጨለማ ከተማ ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ መብራት የበራልኝ ያህል ነው። ዕድሜዎን ያርዝመው። የዓይንዎን ነገር ሳነብ ግን ልቤ ደነገጠ።

መርፌውን አይፍሩት። ቀጭን ነው፤ በቀኝ በኩል በሁለት የጎድን አጥንት መሐል ይገባል። ቆዳውን አስቀድመው ያደነዝዙታል። ትንፋሽዎን አስወጥተው እንዲይዙ ያዝዙዎታል፤ ያን ጊዜ ከተነፈሱ ወይም ካሳለዎት ጉበቱ ከመርፌው ጋር ስለሚንቀሳቀስ ሊቀደድ ይችላል። የሚያስፈራው መድማቱ ነው። ስለዚህ በፊት ደምዎ ቶሎ የሚረጋ መሆኑን መመርመር አለባቸው፤ ሳይመረምሩ መርፌ ላንሳ የሚል ካለ አልጋውን ለቀው ይውጡ። ከተወሰደ በኋላ በቀኝ ጎንዎ ተጭነው ይተኙ፤ ሽንት ቤት ልሂድ ብለው እንዳይነሱ።

የሚወጣው ቁራጭ ከክር አይወፍርም። እሱን በጣም በስሱ ይቆርጡትና ቀለም አጠጥተው በማይክሮስኮፕ ያዩታል። መጠጥ የጎዳው ጉበት ስብ ይሞላበታል፣ ኋላም ጠባሳ ያወጣል። ነገር ግን ጋሼ፣ ቫይረስም ጠባሳ ያወጣል፤ ጉበት ሁልጊዜ ቃሉ ግልጽ አይደለም። መምህራችን ከመርፌው በፊት በሽተኛውን ጠይቁት ይለናል። እኔም ልጠይቅዎ፤ ከጠዋት እስከ ማታ አፍዎ የሚገባውን ፈሳሽ ሁሉ፣ ሻዩንም ጭምር ይጻፉልኝ።

መስተዋቱን ሣራ የምትባል ጓደኛዬ ለገና ስትመጣ ታደርስልዎታለች።

ልጅዎ ጸሐይወርቅ


መካኒሳ አቦ፣ ጥር 20 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለጸሐይወርቅ፣

የገና መስተዋትሽ ደርሶኛል፤ አቦ በወጣሽበት ያግባሽ። የመጀመሪያ ሥራው የጓድ ሙሉሰውን ፊርማ ማየት ሆነ። ለካስ ጽሑፍ አለው።

መርፌው አልፏል፤ እንደምታዪው በሕይወት እጽፋለሁ። ሆስፒታል ስገባ የሰጡኝ ዘጠኝ ቁጥር አልጋ ነበር፤ መስኮቱ ሥር። መስኮቱ ደግሞ አይዘጋም። እኔ በመርፌ መሞት ቢመጣ እችለዋለሁ፤ ላብ ባላበው ገላ ላይ በሚገባ ንፋስ ምች መትቶኝ መሞትን ግን አልቀበልም። ከአጠገቤ አሥር ቁጥር ላይ የተኛው አህመድ የሚባል የብስራተ ገብርኤል ልብስ ሰፊ ነው፤ እሱም እንደኔ ቢጫ ሆኖ ለዚያው መርፌ የመጣ። መስኮቱ ደጅ ያሳየኛል ብሎ በደስታ ቀየረኝ። የኛ አገር ሰው ሆኖ ንፋስ የማይፈራ ሳይ እሱ የመጀመሪያዬ ነው። በሃይማኖቱ ምክንያት መጠጥ በከንፈሩ ነክቶ አያውቅም፤ ሁለት የማይጠጡ ሰዎች ጎን ለጎን ተኝተን ስለ ጉበት እያወራን ሰነበትን።

ያልሽውን ሁሉ ጠየቅኩ። ጆሮዬን ወጉና ደሙን በወረቀት እየጠረጉ እስኪረጋ ጠበቁ። ረጋ። እኔ ራሴ ከደሜ ያነሰ ተረጋግቼ ነበር። መርፌውን የያዘው ሌላ ሐኪም ነው፤ ስሜንም ሥራዬንም አልጠየቀም፤ ለዚህም አመሰግነዋለሁ። «አስወጡ፣ ያዙ» አለ። ያዝኩ። ትንፋሽ መያዝ ለዚህ ዘመን ሰው ትምህርት አያስፈልገውም። አንድ ነገር ጎኔን በቡጢ እንደመታኝ ሆነና አለቀ።

ከዚያ በቀኝ ጎኔ ተጭኜ ሳለሁ ነርስ አፀደ ቁራጩን ከፈሳሽ ውስጥ ጨምራ ጠርሙሱን ስትከድን አየኋት። ፈሳሹ አልኮል ከሆነ እቃወማለሁ አልኳት፤ ጉበቴ መጠጥ ቀመሰ የሚባለው በጠርሙስ ውስጥ እንዳይሆን ነው። ሥጋ እንዳይበሰብስ የሚያደርግ ፎርማሊን ነው አለችኝ። የለጠፈችውን ወረቀት አሳይኝ ብዬ በመስተዋትሽ አየሁት። «አሥር» ይላል፤ ንጹሕ ጽሑፍ፣ ቀለሙ ያልፈሰሰ፣ ቀጥ ብሎ የተለጠፈ። ስም አይጻፍበትም ወይ ብላት የአልጋ ቁጥር ይበቃል አለች። ዘመኔን ሙሉ ወረቀት ሳይ ኖሬ እንዲህ ያለ ሥራ ያየሁት ጥቂት ጊዜ ነው፤ አመስግኛታለሁ።

ፈሳሽ ላልሽው፤ ጠዋት ሻይ፣ ቀን ውሃ፣ ማታ ከእራት በኋላ የገዲሴን ብርዝ። ብርዝ የማር ውሃ መሆኑን አገርሽን ካልረሳሽ ታውቂያለሽ። አህመድም በዓል ሲሆን ይጠጣዋል። ሁለተኛውን ስጨርስ የቀኑ ድካም ይለቀኛል።

ውጤቱን እየጠበቅሁ ነው። ሙሉሰውም እየጠበቀ ነው።

ከበበው


ላይፕዚግ፣ መጋቢት 2 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለተከበሩት ጋሼ ከበበው፣

ጤናዎን ከእትዬ ገዲሴ ጤና ጋር እየለመንኩ፣ በሰላም ከመርፌው ሥር መውጣትዎን ሰምቼ ዕልል አልኩ፤ የጎረቤት ክፍል ጀርመን በሩን አንኳኳብኝ።

ፈተና ላይ ስለሆንኩ ዛሬ አላስረዝምም። አንድ ነገር ብቻ ይመልሱልኝ፤ እትዬ ገዲሴ ብርዙን ከምን ከምን ነው የምታዘጋጀው? ስንት ቀንስ ይቀመጣል?

ልጅዎ ጸሐይወርቅ


መካኒሳ አቦ፣ ሚያዝያ 1 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለጸሐይወርቅ፣ የዘመዶቼ ኩራት፣

ጉበቴ ተናገረ!

ወረቀቱን በራስጌዬ ሰቅዬዋለሁ። «ዘጠኝ ቁጥር፣ ከበበው እንግዳ» ይላል ከላይ። መጠጥ የሚተወው ምልክት አልታየበትም፤ ከቫይረስ የመጣ የቆየ ቁጣ አለ፤ ዕረፍትና ክትትል ይበቃዋል። ሐኪሙ ሲያነብልኝ ድምፁ ዝቅ አለ። እኔ ድጋሚ ያንብብልኝ ብዬ ለመንኩት፤ በደንብ አልሰማሁም ብዬ።

ፋብሪካው በሠራተኛ ስብሰባ ክሱን እንዲያነሳ አመለከትኩ። ሙሉሰው ጉዳዩ በጽሕፈት ቤት ይለቅ ቢል፣ በስብሰባ የተከሰሰ ሰው በስብሰባ ነጻ ይወጣል ብዬ አልለቀቅኩትም። ቆሜ ራሴ አነበብኩት፤ ሁለት መቶ ሠራተኛ ፊት፤ «የቆየ ቁጣ» የሚለው ላይ ስደርስ ትንሽ ድምፄን ከፍ አደረግሁ። ሰው አጨበጨበ። ሙሉሰውም አጨበጨበ፤ ጭብጨባ ሲጀመር ብቻውን መቅረት አይወድም። ጡረታዬ ተመልሶልኛል።

የሚያሳዝነኝ አህመድ ነው። የሱ ጉበት ስብ የሞላበት፣ ጠባሳው የገፋ፣ የለየለት የጠጪ ጉበት ነው ተባለ። መጠጡን ዛሬውኑ ካላቆምክ ብዙ አትቆይም ብሎታል ሐኪሙ። ሰውየው የሚያቆመው ነገር የለውም። ወሬው ብስራተ ገብርኤል ከሱ ቀድሞ ደረሰ። ሚስቱ ወደ አባቷ ቤት ሄደች። ታላቅ ወንድሙ መዝገቡን ተረክቦ የልብስ ስፌቱን ቤት ቁልፍ ይዞበታል። ሄጄ ጠየቅሁት፤ ከስፌት መኪናው ፊት እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል። «ጋሽ ከበበው፣ አንተ እንኳ ታምነኛለህ?» አለኝ። አምንሃለሁ አልኩት። ለወንድምየውም ሳይንስ አንዳንዴ እንደሚሳሳት አስረዳሁት። «ላንተ ጊዜ ያልተሳሳተው ለሱ ጊዜ ብቻ ነው የሚሳሳተው?» አለኝ። ይህ ሰው ዝም ብሎ ጨርቅ መቁረጥ የለበትም፤ ጠበቃ መሆን ነበረበት።

እስቲ መምህራንሽን ጠይቂልኝ፤ ሳይጠጣ የጠጣ ጉበት ያለው ሰው ይኖራል? በቶሎ መልሺልኝ፤ ለአህመድ እታገልለታለሁ ብያለሁ።

የብርዙን ነገር ተይው። ጠቢብ ሆነሽ ከገዲሴ ጓዳ ምን ያስገባሻል?

ከበበው


ላይፕዚግ፣ ግንቦት 3 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለተከበሩት ጋሼ ከበበው፣

ሰላምታዬን ከታች ያገኙታል፤ ዛሬ ቀድሞ የሚነገር አለ።

የጥር ወሩን ደብዳቤዎን ደግሜ አነበብኩት። ዘጠኝ ቁጥር ተሰጥቶዎት ንፋስ ፈርተው ከአህመድ ጋር ተቀያየሩ። የሆስፒታሉ መዝገብ ግን መቀየራችሁን አያውቅም፤ በመዝገቡ ዘጠኝ ከበበው ነው፣ አሥር አህመድ ነው። ነርሷ በጠርሙሱ ላይ የጻፈችው የተኙበትን አልጋ ነው። እርስዎ ራስዎ በመስተዋት አይተው «አሥር ይላል፣ ንጹሕ ጽሑፍ» ብለው ጽፈውልኛል። የሚያዝያው ውጤትዎ ደግሞ «ዘጠኝ» ይላል።

ጋሼ፣ የተናገረው ጉበት የእርስዎ አይደለም። የአህመድ ነው። እርስዎ በስብሰባ ያነበቡት የሱን ንጽሕና ነው።

ይቅር ይበሉኝ፤ በጽሑፍ እንጂ በአፌ ይህን ለእርስዎ ለመናገር አልደፍርም ነበር። ለሐኪሙ ይንገሩት። ሰውየው ቤቱ ፈርሷል፤ ደግሞም ቫይረስ እንዳለበት ስላልተነገረው ክትትል አያደርግም። የእርስዎም ነገር እኩል ያስፈራኛል፤ «ብዙ አትቆይም» የተባለው ለእርስዎ ጉበት ነው። የሚጠጡት ምንም ይሁን ምን ዛሬ ያቁሙት። ተመርቄ ስመጣ ቆመው እንዲቀበሉኝ እፈልጋለሁ።

ለሁለተኛ ጊዜ እጠይቃለሁ፤ ብርዙ ከምን ከምን ነው የሚሠራው?

ለእትዬ ገዲሴ ሰላምታዬን ያቅርቡልኝ።

ልጅዎ ጸሐይወርቅ


መካኒሳ አቦ፣ ሐምሌ 21 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለጸሐይወርቅ፣

ስለዘገየሁ ፖስታ ቤቱን አልወቅስም። ደብዳቤሽ በግንቦት መጨረሻ ደርሶኛል። አንዱን ሰሞን በኮት ኪሴ ይዤው ዞርኩ። በመስተዋቱም በሌጣ ዓይኔም አነበብኩት፤ ያው ነው። የጠርሙሱን ጽሑፍ አየሁ እንጂ የማን ጠርሙስ እንደሆነ አላየሁም። ይህ የሥራዬ ጠባይ ነው።

ሆስፒታል ሄጄ ነገርኳቸው። ሐኪሙ መዝገቡን አስመጣ፣ ነርስ አፀደን አስጠራ። ቀድሞ ደነገጠ፣ ቀጥሎ ፈገግ አለ፤ ፈገግታውን አልወደድኩለትም። የሁለታችንንም ወረቀት አስተካክሎ ማኅተም መታበት።

የአህመድን ወረቀት ይዤ ብስራተ ገብርኤል ሄድኩ። ወንድሞቹና የሚስቱ አባት ተቀምጠው ነበር፤ ቆሜ አነበብኩላቸው። ጠበቃ መሆን የነበረበት ታላቅየው ጠየቀኝ።

«ታዲያ ጠጪው አንተ ነህ?»

«ጉበቱ የእኔ ነው» አልኩት። «ጠጪ ግን አይደለሁም።»

«አህመድም እንዲሁ ሲለን አላመንነውም» አለ።

«ተሳስታችሁ ነበራ» አልኩት።

አህመድ ግን መኪናው ላይ ተደፍቶ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ እያለቀሰ መስሎኝ ነበር፤ እየሳቀ ኖሯል። «ንፋሱ ምንም አላደረገኝም ጋሽ ከበበው» አለኝ። ቁልፉን እዚያው መለሱለት። ሚስቱም በሳምንቱ ተመልሳለች፤ ለእኔ ሱሪ በነጻ ሊሰፋልኝ ለክቶኛል፤ ወገቤ ላይ ስንደርስ ደግሞ ለካኝ፤ ሆዴ ገፍቷል።

ከዚያ ስብሰባው ቀረኝ። ገዲሴ «ማን ያውቃል? ዝም በል፣ ጡረታህን ብላ» አለችኝ። የተሳሳተ ወረቀት ተለጥፎ እያየሁ ያለፍኩበት ቀን የለም፤ በራሴ ላይ ሲሆን ልጀምር? በሰኔው ስብሰባ እጄን አወጣሁ። ሙሉሰው ስለ ምርት ዕቅድ መስሎት ፈቀደልኝ። ባለፈው ያነበብኩት የአህመድ የሚባል ሰው ጉበት እንደነበረ፣ የእኔ ይህ መሆኑን ተናግሬ አዲሱን አነበብኩ። ስቡንም ጠባሳውንም አልዘለልኩም። በመጨረሻም ወረቀቱ ምንም ይበል፣ እኔ ከፋብሪካው ጠብታ አልቀመስኩም፣ ከሌላም አልቀመስኩም፣ ይህን የሚያስተባብል ካለ ይነሳ አልኩ። የተነሳ የለም። ያጨበጨበም የለም። ከሥራ ታግጃለሁ፤ የጡረታው ነገር ገና ይታያል ተብሏል። ከስብሰባው ስወጣ ግን አንገቴን ቀና አድርጌ ነው፤ የሕትመት ክፍል ልጆች እስከ በሩ ሸኙኝ።

ሐኪሙ በየወሩ እየጠራ «አቁም» ይለኛል። ያልጀመርኩትን እንዴት ላቁም? ይህንኑ መልሼ እነግረዋለሁ። እግሬ ማበጥ ጀምሯል፤ እሱ ግን ከመቆም አያግደኝም፤ ስትመረቂ ቆሜ እቀበልሻለሁ።

ይህን የምጽፍልሽ ማታ እንደ ልማዴ ከእራት በኋላ ነው፤ ብርዜ ከአጠገቤ አለ። ሁለት ጊዜ የጠየቅሽኝን ሦስተኛ እንዳትጠይቂኝ ብዬ አሁን ገዲሴን ጠራኋት። እኔ ውስጡን ጠይቄያት አላውቅም። ማር ነው፣ ውሃ ነው፤ ጌሾም አለበት፤ በተጋባን ሰሞን «ቀጠነ» ብዬ ስላጉረመረምኩ ከዚያ ጀምሮ ትጨምርበታለች።

ከበበው